ልቡ የጠቆረ ጡብ

እኔ አዲስ ዓለምን አልጠላም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የአዲስ ዓለም ሰው እንዳይቀየመኝ ነው። ገበያዋ የደራ ነው፤ ማርያሟን እወዳታለሁ፤ አየሯም ለደረት የሚስማማ ነው። እኔ የጠላሁት አንድ ቤት ብቻ ነበር፤ እሱም የባለቤቴን እናት ቤት። ከዚያም ቤት ቢሆን ሁሉንም አልጠላሁም። የጠላሁት ከጓዳው ጀርባ ያለችውን፣ በተጋባን በመጀመሪያው ዓመት የኖርንባትን ጠባብ ክፍል ነው።

አማቴ ክፉ ሴት አልነበሩም። ክፉ ቢሆኑማ ይቀለኝ ነበር፤ ከክፉ ሰው ጋር ተጣልቶ መገላገል ይቻላል። እሳቸው ግን ደግ ነበሩ፤ ደግነታቸውም ከማለዳ እስከ ማታ ከኋላ ከኋላዬ ይከተለኛል። ሽንኩርት መክተፍ ስጀምር እንዲያ አይደለም ልጄ ይሉና ቢላዋውን ከእጄ ይወስዳሉ። እንጨት ስማግድ አንዱን መዘው ያወጣሉ፤ እሳቱን ስተወው ደግሞ አንድ ይጨምራሉ። የሠራሁትን ወጥ ቀምሰው ምንም ሳይናገሩ ይነሱና ጨው ያመጣሉ። እኔ ደግሞ የጎጆ ከተማ ልጅ ነኝ። ብርድ አገር ማደግ ምላስ ያፈጥን እንደሆነ አላውቅም፤ የእኔ ግን ፈጣን ናት። እሷን ነክሼ ነክሼ ያን ዓመት ጨረስኩት።

ባለቤቴ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር። ወደ ሀገረ ሕይወት ተዛወርኩ ሲለኝ ንግግሩን ሳይጨርስ ዕቃ ማሰር ጀምሬ ነበር። ሀገረ ሕይወት የምትባለው በደብዳቤ ላይ ነው፤ ሄደን ስናያት ሰዉ ሁሉ አምቦ ነው የሚላት፤ እኛም አምቦ አልናት። ከሁሉቃ ወንዝ ከፍ ብሎ ሁለት ክፍል ቤት ተከራየን። ጣሪያው ያፈሳል፤ በሩ አይገጥምም፤ አንደኛው መስኮት አንዴ ከተከፈተ ለመዝጋት ሁለት ሰው ይፈልጋል። ቢሆንም ጓዳው የራሴ ነበር። ጠዋት ጠዋት ከሰልፍ እንደ ተፈታ ወታደር ዝም ብዬ ጓዳዬ መሀል እቆም ነበር፤ የሚያርመኝ ሰው አለመኖሩን ለማጣጣም ብቻ። ልጆቼን የወለድኩት እዚያ ቤት ነው።

ከዓመታት በኋላ ሌላ ዝውውር መጣ። ወዴት ነው ብዬ ባለቤቴን ጠየቅሁት። ኮቱን ሰቀለ፤ ውሃ ጠጣ፤ ጉሮሮውን ጠረገ። ያኔ ገባኝ። ወደ አዲስ ዓለም ነበር። እናት ባለችበት ከተማ ቤት ተከራይቶ መኖር እናትን በአደባባይ መካድ ነው፤ እሱ አያደርገውም፤ እኔም አድርግ ብዬ አልጠይቀውም። የዚያን ዕለት እራት አልበላሁም።

ኦቦ ወደ ነገራችን የገቡት በዚህ መሀል ነው። ኦቦ በኦሮምኛ አቶ ማለት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ስማቸውን ትቶ እንዲሁ ኦቦ ስለሚላቸው እኔም እንደዚያው እላቸዋለሁ። በጣሊያን ጊዜ ጡብ በሚቃጠልበት ቦታ ሠርተዋል። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ምድጃው ቀዝቅዞ ቀረ፤ የኦቦ ወሬ ግን አልቀዘቀዘም። ሰርግ ላይ ስለ ጡብ ያወራሉ፤ ለቅሶ ላይ ስለ ጡብ ያወራሉ፤ ሰላም ያላቸውን መንገደኛ ሁሉ አቁመው ስለ ጡብ ያወራሉ። ከተማው ሰልችቷቸዋል። ያልሰለቸው ባለቤቴ ብቻ ነበር። ከሥራ ሲመለስ እሳቸው ደጅ ተቀምጦ፣ ተረት እንደሚነገረው ልጅ አፉን ከፍቶ ያዳምጣል።

በዚያው ሰሞን የከተማው ሽማግሌዎች ለትምህርት ቤቱ አዲስ ክፍሎች በጡብ ሊያሠሩ ይመክሩ ነበር። ከአዲስ አበባ ከማስጫን እዚሁ ቢቃጠልስ ብለው ኦቦን ጠየቋቸው። ኦቦ ጥበቡ አላቸው፤ ወዲያ ወዲህ የሚልላቸው ሰው ግን የላቸውም። ባለቤቴ ከመሥሪያ ቤቱ በፈቃዱ ለቀቀና ከሳቸው ጋር ገባ። ልቀቅ ያልኩት እኔ ነኝ፤ እሱም ከኔ አፍ እስኪወጣ ነበር የሚጠብቀው። ሽማግሌዎቹ የመጀመሪያው ምድጃ ካማረ የቀጣዩንም ሥራ ለእናንተ እንሰጣለን፣ ካላማረ ግን ክረምት ሳይገባ ከአዲስ አበባ እናስመጣለን አሉ። አማቴ ይህን ሲሰሙ በአውቶቡስ በሚመላለስ ሰው መልእክት ላኩ። ጡቡ እንቢ ካለ ክፍላችሁ ተጠርጎ ይጠብቃችኋል የሚል ነበር። መልእክተኛው የምሥራች ያመጣ መስሎት ፈገግ እያለ ነው የነገረኝ።

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው። ጡቡ ካማረ አምቦ እንቀራለን፤ ካላማረ፣ ደመወዙም ቀርቷልና፣ ወደዚያች ክፍል እንመለሳለን። እኔ በበኩሌ ለአዲስ ዓለም ማርያም ጥላ አስገባለሁ ብዬ ተሳልኩ። ወደ አዲስ ዓለም እንዳልሄድ የአዲስ ዓለሟን ማርያም መለመኔ ትንሽ ድፍረት እንደሆነ አውቄዋለሁ፤ ግን አማቴንም እኔንም የምታውቅ እሷ ነበረች።

የጡቡን አፈር ያወጡት ከሁሉቃ ዳር ነው። ጠቆር ያለ አፈር ነው፤ የበሰበሰ ሣርና የሣር ሥር ሞልቶበታል። ኦቦ ጭቃው ገና ሲቦካ ጀምረው ስለዚህ ሣር ያስጠነቅቁ ነበር። ሣሩ በጡቡ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል፤ እሳት ገብቶ ሊበላው ይገባል። እሳት ደግሞ ነፋስ ካላገኘ ላዩን ልሶ ይመለሳል እንጂ ውስጥ ድረስ አይበላም። ነፋስ እየጠጣ የተቃጠለ ጡብ እስከ ልቡ ይቀላል። ነፋስ ያጣ ጡብ ላዩ የበሰለ መስሎ ልቡ ጥቁር ይሆናል፤ ሲብስበትም ያብጣል። አፈሩ አንድ፣ እንጨቱ አንድ፣ እጁ አንድ ሆኖ ሳለ ነፋስ ብቻ ሁለት ዓይነት ጡብ ያወጣል ይሉ ነበር። ልቡ የጠቆረ ጡብ ግድግዳ ላይ ሲወጣ ክብደት አይችልም። እኔ ይሄማ ከድፎ ዳቦ በምን ይለያል እያልኩ በልቤ እሰማቸዋለሁ።

ምድጃው ራሱ የሚሠራው ከጥሬው ጡብ ነው። ጡቡን እንደ ቤት ይደረድሩታል፤ ዙሪያውን በጭቃ ይመርጉታል፤ ከሥር እንጨት የሚማገድባቸውን ቀዳዳዎች ይተዋሉ። እነዚህን ቀዳዳዎች የምድጃው አፍ ይሏቸዋል። ከላይ ደግሞ ጭሱ የሚወጣበት አለ። እሳቱ ሲለኮስ መጀመሪያ ነጭ ጭስ ይወጣል፤ እሱ የጭቃው ውሃ ነው። ከዚያ ይጠቁራል፤ እሱ ሣሩ ነው። ጭሱ ጠርቶ አለ የለም ሲያሰኝ ነው አፎቹ በጭቃ ተደፍነው ምድጃው በራሱ ጊዜ እንዲቀዘቅዝ የሚተወው። ከዚያ በፊት የደፈነ ሰው ድካሙን ሁሉ መና አስቀረ ማለት ነው። ይህን ባለቤቴ ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ፤ የሰፈሩ ውሾችም ሳያውቁት አይቀሩም፤ ኦቦ ሳይናገሩት የዋሉበት ቀን የለምና።

እሳቱ ተያይዞ፣ ጭሱ ገና በጠቆረበት ቀን፣ ከሁሉቃ ማዶ የኦቦ ዘመድ ሞተ። ለቅሶ አይቀርም። ኦቦ እንጨቱን በልክ ማግድ፣ ሌላ ምንም እንዳትነካ ብለው ለባለቤቴ አደራ ሰጥተው ሄዱ። በላይ አገር ዘንቦ ኖሮ ሲመለሱ ወንዙ ሞልቶ ደፍርሶ ይጮሃል። እንደ ወትሯቸው በመልካው ሊሻገሩ አልቻሉም። ከማዶ ሆነው ቢያዩ ጭሱ ጥቅጥቅ ብሎ ምድር ለምድር ይጎተታል። ባለቤቴ ከትጋት ብዛት እንጨት አጭቆበት እሳቱን አስጨንቆታል።

ኦቦ አማርኛ ጥሩ አድርገው ይናገራሉ፤ ሲደነግጡ ግን አማርኛው ጥሏቸው ይሄዳል። እጃቸውን እያወናጨፉ በኦሮምኛ ይጮኹ ጀመር። የባለቤቴ ኦሮምኛ ደግሞ ከሰላምታ አያልፍም፤ ገበያ ወጥቶ አካም ካለ በኋላ የቀረውን በጣቱ ነው የሚጨርሰው።

እኔ ምሳ ይዤ ከላይ በኩል እወርድ ነበር። ከወንዙ ድምፅ የተነሣ ጩኸቱ ምን እንደሚል አልሰማሁም፤ ማየቱን ግን አየሁ። ኦቦ ከማዶ እጃቸውን ያወናጭፋሉ፤ ባለቤቴ ከወዲህ ጭቃ እየዛቀ የምድጃውን አፎች ይደፍናል። እሳቸው ሲብስባቸው እሱም ይፈጥናል። እሳቸው ጋቢያቸውን አውልቀው ሲያውለበልቡ እሱ ኮቱን አውልቆ ወረወረ። እሳቸው ድንጋይ አንስተው ወደ ወንዙ ሲጥሉ እሱ በሁለት እጁ ይመርግ ጀመር። ሁለት ሰዎች እንዲህ ሲግባቡ አይቼ አላውቅም ብዬ ቆሜ አደነቅሁ።

ኦቦ በድልድዩ ዞረው እስኪደርሱ ቀኑ መሸት ብሏል። ከምድጃው ጭስ የሚባል ነገር አይወጣም። ባለቤቴ እስከ ክርኑ ጭቃ ሆኖ ምስጋና ይጠብቃል። ኦቦ የምድጃውን ግድግዳ በመዳፋቸው ዳበሱትና አሁን ቢከፈት ቀዝቃዛ ነፋስ ገብቶ ሁሉንም ይሰነጣጥቀዋል፣ እንዳለ ይቅር አሉ። ከዚያ ለምን እንዲህ አደረግህ ብለው ጠየቁት። ባለቤቴ ሰማዩ ከብዶ ስለነበር ዝናብ ሳይመታው ይደፈን ያሉ መስሎኝ ነው፣ ያዘዙኝ እርስዎ አይደሉም ወይ አለ። ኦቦ ቀና ብለው አዩት። እስከዚህ ዕድሜያቸው ውሸታም ብሎ የጠራቸው ሰው እንደሌለ ተናግረው ጋቢያቸውን በትከሻቸው ጣል አድርገው ሄዱ።

ምድጃው ቀዝቅዞ ሲከፈት ጡቡ ቀይ አልነበረም፤ መልኩ ጉበት ይመስላል። ባለቤቴ አንዱን ሰበረው። ዳር ዳሩ ጥቂት ቀላ ብሏል፤ ውስጡ ከሰል ነው። ሌላ ሰበረ፤ እሱም ያው። መሀል ላይ የነበሩት ደግሞ አብጠዋል። ደህና ጡብ ሁለቱን ሲያጋጩት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ እነዚህ ዱብ ብቻ ይላሉ። ባለቤቴ ስብርባሪው ላይ ተቀመጠ። እኔ ግን ያየሁት ጡብ አልነበረም፤ ከጓዳ ጀርባ ያለችውን ክፍል ነው። አለቀስኩ። ባለቤቴ ለሱ ያለቀስኩ መስሎት ያባብለኝ ጀመር፤ እኔም አላረምኩትም።

ከዚያ በኋላ የነበረው ጊዜ አስቀያሚ ነበር። ኦቦ ጸሐፊው ጆሮ የለውም ብለው በከተማው አወሩ። ባለቤቴ ኦቦ ቃላቸውን በሉ አለ። መንገድ ላይ ሲገናኙ አንዱ ሰማይ ሰማዩን፣ አንዱ ጫማ ጫማውን እያየ ይተላለፋሉ። ሽማግሌዎቹ መጥተው ጡቡን አዩ። ክፉ አልተናገሩም፤ ክረምት ስለደረሰ ወደ አዲስ አበባ ሰው መላካችን ነው ብቻ አሉ። ባለቤቴ ጥቂት ታገሱን ብሎ ለመናቸው፤ እሺ አሉት። ምን ለማድረግ እንደሚታገሱት እሱም አያውቅም። ወሬው በአውቶቡስ አዲስ ዓለም ደርሶ አማቴ ራሴ መጥቼ አነሳችኋለሁ ብለው ላኩብን። እኔም ድስቶቼን፣ የትኛው የትኛው ውስጥ ይገባል እያልኩ፣ መለካካት ጀመርኩ።

ያንገበገበኝ ሁለቱም የማይዋሹ ሰዎች መሆናቸው ነው። ባለቤቴን አውቀዋለሁ፤ መዋሸት ቢፈልግ እንኳ ጆሮው ይቀላል። ኦቦም ስለ ጡብ ያጋንኑ ይሆናል እንጂ ቃላቸውን የሚክዱ ሰው አይደሉም። ሁለት የማይዋሹ ሰዎች ተቃራኒ ነገር ከተናገሩ መሀል ላይ የሆነ ነገር አለ ማለት ነው። አንድ ጠዋት ነጠላዬን ጣል አድርጌ ኦቦ ቤት ሄድኩ። ኦሮምኛውን ከአማርኛው እኩል አውቀዋለሁ፤ ጎጆ ያደገ ሰው ሌላ ምርጫ የለውም። ጤና ጠየቅሁ፤ የቀረበልኝን ወተት ጠጣሁ፤ በጣሊያን ጊዜ ጡብ እንዴት ይቃጠል እንደነበር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰማሁ። በመጨረሻ የዚያን ዕለት ከማዶ ሆነው የተናገሩትን ቃል እንዳለ ይንገሩኝ አልኳቸው።

«አፉራ ከኒፍ ነው ያልኩት» አሉ። «ጉሮሮዬ እስኪነቃ ነው የጮህኩት። አፉራ ከኒፍ።»

እስትንፋስ ስጠው ማለት ነው። እንጨቱን ቀንስ፣ አፎቹን ክፈት፣ ነፋስ ይግባለት ማለታቸው ነው። ቃሉን ባፌ እያላመጥኩ ወደ ቤት ተመለስኩ። ባለቤቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ይጠርግ ነበር። ኦቦ ከማዶ ምን አሉህ፣ እስቲ እንዳሉት አድርገህ በለው አልኩት።

«አፉን ድፈን ነው ያሉኝ» አለ። «አሁንም ድምፃቸው ከጆሮዬ አልወጣም። አፉን ድፈን።»

ደጃፉ ላይ ዘጭ አልኩ። አፉራ ከኒፍ። አፉን ድፈን። መካከላቸው የሞላ ወንዝና ነፋስ አስገቡበት። አንዱ አስተንፍሰው ይላል፤ ሌላው እነቀው ሲባል ይሰማል። ያ አንቀህ ገደልከው ብሎ ሲጮህ፣ ይሄ አጥብቀህ እነቀው የተባለ ይመስለዋል። ሳቄ መጣ፤ ከመጣም በኋላ ማቆሚያ አጣሁለት። ጎረቤት ወጥቶ አየኝ። ባለቤቴ፣ ወደ አዲስ ዓለም የመመለሳችን ነገር ነው አእምሮዋን የነካት ብሎ ውሃ ይዞልኝ ሮጠ።

እጁን ይዤ ኦቦ ቤት ወሰድኩት። ፊት ለፊት አቆምኳቸውና እርስዎ ያሉትን ይበሉ፣ አንተም የሰማኸውን በል አልኩ። ኦቦ አሉ። ባለቤቴ አለ። አንድ ጊዜ ደገሙት። ከዚያ የኦቦ ሆድ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ባለቤቴም ተከተላቸው፤ አንዱ ያንዱን ትከሻ ይዞ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ይቅርታ የጠየቀ የለም፤ አላስፈለገምም።

ሳቁ ሲያልቅ ጡቡ እዚያው ነው። ኦቦ ሁሉንም ሁሉቃ ውስጥ እንጨምረው አሉ። ባለቤቴ ግን ከኪሱ የጡብ ስባሪ አወጣ። ከምድጃው ማዕዘን የተገኘ ነው፤ እዚያ ጋ ምርጉ ተሰንጥቆ ነበርና ነፋስ ሾልኮ ገብቷል። ስባሪው እስከ ልቡ ቀይ ነበር። ጥቁሩ እዚያው የቀረው ነፋስ ስላላገኘ ከሆነ አሁንም እዚያው ተቀምጦ እየጠበቀ አይደለም ወይ፣ እንደገና በክፍት አፍ ብናቃጥለውስ አለ። ኦቦ ራሳቸውን ነቀነቁ። በጣሊያን ጊዜ ጡብ ሁለት ጊዜ ሲቃጠል አላዩም። እኔ እዚህ ላይ አላስቻለኝም። በጣሊያን ጊዜ ያልታየ ነገር አይደረግም ከተባለማ ጣሊያንም ባልወጣ ነበር አልኩ። ኦቦ ጢማቸውን እያሻሹ ትንሽ አሰቡና አዴ፣ ይቺ ምላስሽ ብለው ተነሡ። አዴ ወይዘሮ ማለት ነው፤ እንዲያ የሚሉኝ ሲሸነፉ ነው።

በመጀመሪያ ያበጡትን ለዩዋቸው። ለነሱ መድኃኒት የለም። ላያቸው ቀልጦ ተዘግቷል፤ ውስጣቸው ቀዳዳ በቀዳዳ ሆኗል፤ ከእንግዲህ ነፋስ የሚገባበት በር የላቸውም። የቀሩትን እንደገና ደረደሩ፤ አሁን ግን በመካከላቸው እጅ እንዲገባ አድርገው አራራቋቸው። እንጨቱ በቀጭኑ የተፈለጠ ደረቅ ባሕር ዛፍ ሆነ። እሳቱን እንደ አራስ ልጅ ቀስ እያሉ አሳደጉት፤ አፎቹም እንደ ተከፈቱ። ኦቦ ከምድጃው አጠገብ አልጠፉም። ባለቤቴ ምድጃውን በዞረ ቁጥር አፉራ፣ አፉራ ይላል፤ ከሰላምታ ቀጥሎ በደንብ የያዘው የኦሮምኛ ቃል እሱ ነው። ጭሱ ጠቆር ብሎ ብቅ ሲል እኔ ደነገጥኩ፤ ኦቦ ግን እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። ያ ጥቁር ከጡቡ ልብ እየወጣ ነው አሉኝ። ቆይቶ ሳሳ፤ ከዚያ ጠራ። ሊደፈን ጊዜው ሲደርስ ኦቦ ባለቤቴ አጠገብ ቆመው፣ በአማርኛ፣ ቃል በቃል ነው ያዘዙት።

ምድጃው በሚከፈትበት ጠዋት አማቴ ከአውቶቡስ ወረዱ። ባዶ ጆንያና ጥቅል ገመድ ይዘዋል። ገመዱ ዕቃችንን ማሰሪያ ነው። ስመው ከጨረሱኝ በኋላ ምድጃው የት ነው አሉ። ቤት ገብተው ይረፉ ብላቸው እንቢ አሉ። ይዣቸው ወረድኩ። ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ ዓይናቸውን ከምድጃው ሳይነቅሉ ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። እየጸለዩ ነበር። እኔም እጸልያለሁ። አንዷን ማርያም ሁለት ሴቶች ተቃራኒ ነገር እየለመኑ አስጨነቅናት ብዬ አሰብኩ። እሳቸው ደግሞ የደጇ ሰው ናቸው፤ ከኔ ይልቅ የሳቸው ጸሎት ሊሰማ ይችላል ብዬ ፈራሁ።

ሽማግሌዎቹም መጥተዋል። ባለቤቴ ክንዱን አስገብቶ ከመሀል፣ ባለፈው ከሁሉ የከፋው ከነበረበት ቦታ አንድ ጡብ አወጣ። መልኩ ቀይ ነው። ሁለት አጋጩ፤ ጥርት ያለ ድምፅ ተሰማ። ኦቦ በመዶሻ ሰበሩት። እስከ ልቡ ቀይ ነበር። ሌላ ሰበሩ፤ ቀይ። ሌላም፤ ቀይ። በአንደኛው ልብ ላይ ባቄላ የምታህል ጥቁር ነጥብ ተገኘች፤ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ይቺማ የትልቅ ሰው ጠባሳ ናት ብለው ሳቁ። ከዛሬ ጀምሮ ማጓጓዝ ይቻላል አሉ፤ ቀጣዩን ምድጃም ጀምሩ አሉ። ባለቤቴ መሬት ሳመ። እኔ የያዝኩትን ጣሳ ጣልኩት።

ዞር ብዬ አማቴን አየሁ። ድንጋዩ ላይ እንደተቀመጡ ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነው ያለቅሳሉ። ደስታዬ ሟሸሸ። እናት ናቸው፤ ልጃቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን ቤታቸው ሊያስገቡ መጥተው ባዶ ገመድ ይዘው ሊመለሱ ነው። ሄጄ ክንዳቸውን ይዤ አስነሳኋቸውና ወደ ቤት ወጣን። መንገዱን ሙሉ የማጽናኛ ቃል ስፈልግ ነበር።

ቤት እንደገባን በሩን ራሳቸው ገፉት፤ ያልገጠመውን በጉልበታቸው ደግፈው ዘጉት።

«ልጄ፣ እንዳትቀየሚኝ» አሉ። «ጡቡ እንዲያምር ተስዬ ነው የከረምኩት። እንዳትመጡብኝ ብዬ።»

መጀመሪያ የሰማሁት ትክክል አልመሰለኝም። በዚያ ሰሞን መሳሳት የተለመደ ነበርና ይድገሙልኝ አልኳቸው። ደገሙልኝ፤ ከዚያም የሆዳቸውን ሁሉ ዘረገፉት። አብረን በኖርንበት ዓመት በገዛ ጓዳቸው አረፍ ብለው አያውቁም። ዝም ስል ዝምታዬ ያስፈራቸዋል፤ የታመቀ ነገር እንዳለብኝ ያውቁታል። ቁጭ ቢሉ ሙሽራዋን ገረድ አደረገቻት እንዳይባሉ እየተነሱ ያግዙኛል፤ ያገዙኝ በመሰላቸው ቁጥር ፊቴ ይጠቁራል፤ ፊቴ ሲጠቁር ደግሞ የባሰ ይጨነቁና የባሰ ያግዙኛል። እኛ ከሄድን በኋላ ነው ፀሐይ እስክትወጣ መተኛት የጀመሩት። ክፍሉ ተጠርጎ ይጠብቃችኋል ያሉት እናት ና ካላለች ማን ይላል ብለው ነው። ገመዱንም ያመጡት፣ ነገሩ ከከፋ በደስታ መጣሁ ለማለት ነው። ሲያለቅሱ የነበረው ከእፎይታ ነው።

«እኔም ተስያለሁ እማማ» አልኳቸው። «ለማርያም፣ ጥላ።»

«እኔም ጥላ ነው» አሉ።

ተያየን። ከዚያ ወዲያ ሳቅ ነው። ባለቤቴ በሩን ገፍቶ ሲገባ እናቱና ሚስቱ ተቃቅፈው መደቡ ላይ ሲንከባለሉ አገኘን፤ ምን እንደሆነ ቢጠይቅም እስከ ዛሬ አልነገርነውም።

ክረምቱ አልፎ መንገዱ ሲደርቅ ስለቴን ላስገባ ብቻዬን አዲስ ዓለም ሄድኩ። ከአማቴ ጋር ሁለቱን ጥላዎች ጎን ለጎን ይዘን ማርያም ገባን። ማታ እዚያችው ከጓዳ ጀርባ ባለችው ክፍል አነጠፉልኝ። ኑሪባት ስባል እንደ እስር ቤት የፈራኋት ክፍል፣ ለአንድ ሌሊት ስትሆን ንጹሕና ሞቃት ነበረች። ጠዋት ተነስቼ ዛሬ ልሂድ አልኳቸው። አማቴ ቁርሱን እያቀረቡ ቀና ብለው አዩኝ።

«ምን አስቸኮለሽ፤ ሰንብቺ እንጂ» አሉ።

ከልባቸው ነበር። እኔም ሰነበትኩ።